ማለስለስና ማጣራት ለየቅል ናቸው፦ የእማዬ ቡናና የቤታችን ውሃ

እናቴ ከአዲስ አበባ ላስ ቬጋስ በገባች በሦስተኛው ቀን፣ የመኪና ማቆሚያችን ውስጥ ቆማ ወደ አንድ ጥግ ስትመለከት አገኘኋት። ጥጉ ላይ አራት ከረጢት ጨው ተደርድሯል። እያንዳንዱ ከረጢት 40 ፓውንድ፣ ማለትም 18 ኪሎ ገደማ ይመዝናል።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ ጨው ምን ልታደርገው ነው? ከብት ማርባት ጀመርክ እንዴ?» አለችኝ።

«ለውሃው ነው እማዬ» አልኳት እየሳቅሁ።

እሷ ግን አልሳቀችም። «ለውሃው? እኔን ሐኪሙ ጨው ተዪ ብሎኝ ወጡ ሁሉ አልጫ ሆኖብኛል። እናንተ ደግሞ ውሃ ውስጥ ትጨምራላችሁ?»

«አይ፣ የምንጠጣው ውስጥ አይገባም» አልኳት በልበ ሙሉነት። ልበ ሙሉ ነበርኩ እንጂ ትክክል አልነበርኩም።

ሙያዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። ሁለተኛ ዲግሪዬንም የተማርኩት በውጭ ሀገር ነው። በሥራዬ ላይ ደጋግሜ የማየው አንድ ስህተት አለ፤ ሁለት የተለያዩ ሥራዎችን በአንድ ስም ጠርቶ አንድ ናቸው ብሎ ማሰብ። በገዛ ቤቴ የሠራሁትም ይህንኑ ስህተት ነው። ውሃን ማለስለስና ውሃን ማጣራት አንድ መስለውኝ ነበር።

ይህን የምጽፈው በተለይ ከሀገር ውጭ ተወልዳችሁ ላደጋችሁ ልጆች ነው። ወላጆቻችሁ ቤት ሲገዙ የሻጩን ወረቀት የምታነቡላቸው ብዙ ጊዜ እናንተ ናችሁ። ነገሩን በእንግሊዝኛ ወይም በጀርመንኛ ትረዱት ይሆናል። ለእናታችሁ ወይም ለአያታችሁ በአማርኛ ለማስረዳት ግን ቃሉ ያስፈልጋችኋል። ስለዚህ ቃሉንም ነገሩንም አብረን እንይ።

በራችንን ያንኳኳው ሻጭ

የላስ ቬጋስ ውሃ አብዛኛው የሚመጣው ከኮሎራዶ ወንዝ፣ በሊክ ሚድ ሐይቅ በኩል ነው። ወንዙ ረጅም መንገድ በድንጋይና በአፈር ላይ ሲፈስ ካልሲየምና ማግኒዥየም የሚባሉ ማዕድናትን እያሟሟ ይዞ ይመጣል። እነዚህ ማዕድናት የበዙበት ውሃ ጠንካራ ውሃ ይባላል። በአሜሪካ የተለመደው አከፋፈል በሊትር ከ180 ሚሊግራም በላይ የሆነውን «በጣም ጠንካራ» ይለዋል። የላስ ቬጋስ ውሃ ወደ 280 ሚሊግራም ይደርሳል።

ጠንካራ ውሃ ለጤና ጎጂ አይደለም። ካልሲየምና ማግኒዥየም ሰውነታችን የሚፈልጋቸው ማዕድናት ናቸው። የሚጎዳው ቤቱን ነው። ውሃው ሲሞቅ ማዕድኑ ነጭ ቅርፊት ሆኖ ይጋገራል። በማንቆርቆሪያው ውስጥ፣ በሻወሩ ቀዳዳዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በውሃ ማሞቂያው ሆድ ውስጥ ይከማቻል። ሳሙና አረፋ አልሰጥ ይላል። ብርጭቆ ታጥቦ ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይይዛል።

ቤቱን በገዛን በጥቂት ወራት ውስጥ አንድ ሻጭ በራችንን አንኳኳ። ከቧንቧችን ውሃ ቀዳና ከትንሽ ጠርሙስ ፈሳሽ ጠብ አደረገበት። ውሃው ደፈረሰ፣ ነጭ ደመና ሠራ። «ልጆቻችሁ የሚጠጡት ይህን ነው» አለን። ባለቤቴ ደነገጠች፤ እኔም ደነገጥኩ። ያ ነጭ ነገር ቆሻሻ ሳይሆን ያው ካልሲየምና ማግኒዥየም መሆኑን የተረዳሁት በኋላ ነው። ፈሳሹ ሟምቶ የነበረውን ማዕድን እንዲታይ አደረገው እንጂ ስለ ጀርም ወይም ስለ እርሳስ የነገረን ነገር አልነበረም።

እኛ ግን ፈረምን። ትልቅ ገንዘብ ነው፤ በየወሩ የሚከፈል። «ከእንግዲህ ቤታችሁ የሚገባው ንጹሕ ውሃ ነው» ተባልን። የተገጠመልን ግን ማጣሪያ ሳይሆን ማለስለሻ ነበር።

«ለስላሳ ውሃ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ይህን ቃል ለስምንት ዓመቷ ልጄ ስነግራት «እንደ ሚሪንዳ ነው?» አለችኝ። አልፈርድባትም፤ በአማርኛ «ለስላሳ» ስንል መጀመሪያ የሚመጣልን የጠርሙስ መጠጥ ነው። እዚህ ግን ለስላሳ ውሃ ማለት ካልሲየምና ማግኒዥየም የሌለው ወይም ያነሰበት ውሃ ነው።

ማለስለሻው የሚሠራው እንደ ገበያ በልውውጥ ነው። ረጅሙ በርሜል ውስጥ ሬዚን የሚባሉ ጥቃቅን የፕላስቲክ ፍሬዎች ሞልተዋል። ፍሬዎቹ ሶዲየም ተሸክመዋል። ጠንካራው ውሃ በመካከላቸው ሲያልፍ ፍሬዎቹ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን ይይዙና በምትኩ ሶዲየም ይለቃሉ። ለእያንዳንዱ ካልሲየም ሁለት ሶዲየም ይሰጣሉ። ልብ በሉ፦ ከውሃው የወጣ ነገር አለ፤ በቦታው የገባም ነገር አለ።

ፍሬዎቹ ካልሲየም ሲሞሉ መታጠብ አለባቸው። ጨው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ማሽኑ ብዙውን ጊዜ ሌሊት፣ ሰው ሲተኛ፣ ከአጠገቡ ካለው የጨው ጋን ጨዋማ ውሃ ስቦ ፍሬዎቹን ያጥባል። ካልሲየሙ ተራግፎ ወደ ፍሳሽ ይሄዳል፤ ፍሬዎቹም አዲስ ሶዲየም ይዘው ለነገ ይዘጋጃሉ።

እንግዲህ ለእናቴ የሰጠሁት መልስ በከፊል ብቻ እውነት ነበር። ጨዋማው ውሃ ራሱ ወደ ምንጠጣው ውሃ አይገባም። ከጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ግን በልውውጡ ይገባል። ለደም ግፊት በሽተኛ ሐኪም ጨው ቀንሺ ሲል ቀንሺ የሚለው ደግሞ ይኸንኑ ሶዲየም ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ማለስለሻ አያጣራም። የክሎሪን ሽታ አያጠፋም፤ ጀርም አይገድልም፤ ፍሎራይድ አያወጣም። እርሳስ ያስወጣልናል ተብሎም አይታመንበትም። በውሃው ውስጥ ካለ ብረት ጥቂቱን ሊይዝ ይችላል፤ ዋና ሥራው ግን ካልሲየምና ማግኒዥየምን መለወጥ ነው።

ማታ በወረቀት ላይ የሠራሁት ሂሳብ

እናቴ ለሦስት ሳምንት ያህል የምትጠጣው ከፍሪጁ ውሃ ነበር። «ፍሪጁ ማጣሪያ አለው» ብዬ አረጋግጬላታለሁ። ቡናዋን ግን አልወደደችውም። የራሷን ጀበና፣ ከሀገር ያመጣችውን ቡና ይዛ እያለ «ልዝብ ብሎብኛል፤ ቡናው አልነቃም» ትላለች። እኔ የጉዞ ድካም ነው አልኩ።

ከዚያ ለደም ግፊቷ ክትትል ሐኪም ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ሐኪሟ ስለ ምግቧ ሲጠይቃት እሷ በአማርኛ ትመልሳለች፣ እኔ አስተረጉማለሁ። መጨረሻ ላይ «ውሃውስ?» አለችኝ። «ጨው አለበት ብለሃል እኮ፤ ንገረው።» አፍሬ ነገርኩት። እሱም ውሃችን ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ጠየቀኝ። ወደ ቤት ስመለስ ሂሳቡን ሠራሁ።

በአንድ ሊትር ውስጥ አንድ ሚሊግራም ጥንካሬ ሲወጣ 0.46 ሚሊግራም ያህል ሶዲየም ይገባል። የእኛ ውሃ 280 ነው። 280 በ0.46 ሲባዛ ወደ 129 ሚሊግራም ይሆናል። በቀን ሁለት ሊትር የሚጠጣ ሰው ከልውውጡ ብቻ ወደ 258 ሚሊግራም ሶዲየም ያገኛል ማለት ነው። ይህም ከወንዙ ራሱ የሚመጣው ሳይቆጠር ነው።

ይህ ብዙ ነው ወይስ ጥቂት? የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ2000 ሚሊግራም ያነሰ ሶዲየም ይመክራል። ስለዚህ 258 ከዚያ ውስጥ ከስምንት አንድ እጅ ገደማ ነው። ለጤነኛ ሰው የሚያስደነግጥ አይደለም፤ አብዛኛው ሶዲየም የሚመጣው ከዳቦ፣ ከታሸገ ምግብና ከወጥ ነው። ጥብቅ የጨው ገደብ ላለበት ሰው ግን ነገሩ ይለያል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በቀን 500 ሚሊግራም ሶዲየም ብቻ ለታዘዘላቸው ሰዎች በሊትር ከ20 ሚሊግራም ያልበለጠ ውሃ ይመክራል። የእኛ ከስድስት እጥፍ በላይ ነበር።

ለሐኪሟ ቁጥሩን ስልክለት የሰጠኝ መልስ ሚዛናዊ ነበር። ግፊቷ ከፍ ያለው በውሃው ነው ለማለት አይቻልም፤ መድኃኒቷንም በዚህ ምክንያት አትለውጥ። ሆኖም በቀላሉ ሊቀር የሚችል ሶዲየም ከሆነ ይቅር አለ። እናቴ ይህን ስነግራት «ውሃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ ነው» አለች። ከወጧ ላይ በማንኪያ ስትቀንስ የቆየችውን እኔ በብርጭቆ እየመለስኩላት ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለ። አንደኛ፣ በጨው ፋንታ ፖታሲየም ክሎራይድ በማለስለሻው መጠቀም ይቻላል ሲባል ትሰማላችሁ። እውነት ነው፣ ይሠራል። ነገር ግን የኩላሊት ሕመም ያለበት ወይም አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ፖታሲየም ሲበዛበት አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ሐኪም ሳይጠየቅ አይደረግም። ሁለተኛ፣ ለሕፃን የዱቄት ወተት በለሰለሰ ውሃ አለማዘጋጀት ይሻላል።

ሦስቱ ማጣሪያዎች

«ማጣሪያ» የሚለው ቃልም ራሱ አንድ ነገር አይደለም። በቤት ውስጥ በብዛት የምናገኛቸው ሦስት ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያው የደለል ማጣሪያ ነው። ሥራው እንደ ወንፊት ነው፤ አሸዋ፣ ዝገትና አፈር ይይዛል። የሟሟ ነገር ግን ያልፈዋል።

ሁለተኛው የካርቦን ማጣሪያ ነው። ይህ በልዩ ዘዴ የተዘጋጀ ከሰል ነው። ክሎሪንን፣ መጥፎ ሽታንና ጣዕምን፣ እንደ አሠራሩም አንዳንድ ኬሚካሎችን ይይዛል። የፍሪጃችን ማጣሪያ ይህ ነበር። ካርቦን ካልሲየምም ሶዲየምም አይዝም። እናቴን «ፍሪጁ ማጣሪያ አለው» ያልኳት ለዚህ ነው ስህተት የሆነው፤ ማጣሪያ አለው፣ ሶዲየምን የሚያጣራ ግን አይደለም።

ሦስተኛው ሪቨርስ ኦስሞሲስ ይባላል። ውሃው በግፊት እጅግ ጠባብ ቀዳዳ ባለው ስስ ሽፋን ውስጥ እንዲያልፍ ይገደዳል። ሶዲየም፣ ፍሎራይድ፣ ናይትሬት፣ እርሳስና ሌሎችም የሟሙ ነገሮች አብዛኛዎቹ ወደ ኋላ ይቀራሉ። በደንብ የሚሠራ ከሆነ ከአሥር እጅ ሶዲየም ዘጠኙን ወይም ከዚያ በላይ ያስቀራል። ብዙውን ጊዜ ከወጥ ቤት ዕቃ ማጠቢያው ሥር ይገጠምና የራሱ ትንሽ ቧንቧ ይኖረዋል።

ወላጆቻችሁ ዕቃ ሲገዙ ከሻጩ ንግግር ይልቅ በካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡላቸው። በአሜሪካ ኤንኤስኤፍ የሚባለው ድርጅት ስም ያለባቸው መመዘኛዎች አሉ። ቁጥር 42 ጣዕም፣ ሽታና ክሎሪንን ይመለከታል። ቁጥር 53 እንደ እርሳስ ያሉ ጤናን የሚነኩ ነገሮችን ነው። ቁጥር 58 ለሪቨርስ ኦስሞሲስ፣ ቁጥር 44 ደግሞ ለማለስለሻ ነው። ቁጥር 42 ብቻ ያለው ማጣሪያ እርሳስ ያወጣል ብሎ ማመን አይቻልም። ቁጥር 53 ያለውም ቢሆን የትኛውን ነገር እንደሚያወጣ ዝርዝሩን ማየት ያስፈልጋል።

እናቴ እንደ ልማዷ «አፍልቼ ብጠጣውስ?» ብላ ነበር። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ከጥንካሬውም ከፊሉን ቅርፊት አድርጎ ያስቀራል። ሶዲየምንና እርሳስን ግን አያወጣም። እንዲያውም ውሃው ሲተን የቀረው ይወፍራል፤ ልክ ወጥ ሲንተከተክ ጨው እንደሚበዛበት።

ቅደም ተከተሉ ለምን ወሳኝ ሆነ?

ፕሮግራም ስንጽፍ አንዱ ክፍል የሰጠውን ሌላው ይቀበላል። የመጀመሪያው ያበላሸውን የመጨረሻው ይሸከማል። የቤት ውሃም እንዲሁ ነው። ማለስለሻና ማጣሪያ አብረው ሲሠሩ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል፤ ተራቸው ከተዛባ ደግሞ አንዱ ሌላውን ያበላሻል።

መጀመሪያ ውሃው ወደ ቤት በሚገባበት ቦታ የደለል ማጣሪያ ይቀመጣል። አሸዋና ዝገት ሬዚኑን እንዳይደፍኑት ይከላከላል። ቀጥሎ ማለስለሻው ይመጣል። ከዚያ በኋላ ውሃው ወደ ሻወር፣ ወደ ልብስ ማጠቢያና ወደ ውሃ ማሞቂያ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ብቻ፣ ሪቨርስ ኦስሞሲስ ይገጠማል።

ሪቨርስ ኦስሞሲስ ከማለስለሻው በኋላ የሚሆንበት ምክንያት አለ። ጠንካራ ውሃ በቀጥታ ከገባበት ካልሲየሙ በስሱ ሽፋን ላይ ተጋግሮ ያደነዝዘዋል። የለሰለሰ ውሃ ሲገባበት ግን ሽፋኑ ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ሶዲየሙንም ራሱ ያስወጣዋል። ማለስለሻው ሽፋኑን ከቅርፊት ይጠብቃል፤ ሽፋኑ ደግሞ የጠጪውን ሰው ከሶዲየም ይጠብቃል። አብረው የመኖራቸው ጥቅም ይህ ነው።

ካርቦኑስ የት ይግባ? ክሎሪን የሪቨርስ ኦስሞሲስን ሽፋን ስለሚጎዳ ከሽፋኑ በፊት ካርቦን መኖር አለበት፤ ብዙዎቹ ከነካርቦናቸው ይሸጣሉ። ክሎሪን ሬዚኑንም በጊዜ ብዛት ስለሚያስረጅ፣ ከማለስለሻው በፊት ለቤቱ ሁሉ ትልቅ ካርቦን የሚያስገጥሙ አሉ። እኛ ይህን ተውነው። ክሎሪን የሚጨመረው ጀርም በቧንቧ ውስጥ እንዳይራባ ነው። ገና በበሩ ላይ ካወጣነው በቤታችን ቧንቧዎች ውስጥ ጠባቂ አይኖርም፤ ካርቦኑንም በጊዜው ሳንቀይር ከዘገየን ራሱ የጀርም ማደሪያ ሊሆን ይችላል።

ከማለስለሻው በፊት መነጠል ያለበት ቱቦ ደግሞ የግቢው ነው። ሶዲየም አፈርንና ተክልን ስለሚጎዳ የአትክልት ውሃ መለስለስ የለበትም። የእናቴ ጤና አዳም የሚጠጣው ጠንካራውን ውሃ ነው።

ሪቨርስ ኦስሞሲስ ለመግዛት አቅም ለሌለው ሰው ርካሽ መንገድ አለ። የቧንቧ ሠራተኛው የወጥ ቤቱን ቀዝቃዛ ውሃ ከማለስለሻው በፊት ነጥሎ እንዲያመጣ ማድረግ ነው። ውሃው ጠንካራ ሆኖ ይቀራል፤ ግን ማለስለሻው የሚጨምረው ሶዲየም አይኖረውም። በላዩ ላይ ጥሩ የካርቦን ማጣሪያ ቢደረግ ጣዕሙ ይስተካከላል።

ሪቨርስ ኦስሞሲስ ጉድለትም አለው። ውሃ ያባክናል። በተለይ የቆዩት ዓይነቶች አንድ ጋሎን ንጹሕ ውሃ ለመስጠት አምስት ጋሎን ወይም ከዚያ በላይ ወደ ፍሳሽ ሊሰዱ ይችላሉ። በላስ ቬጋስ ከቤት ውስጥ የሚወጣው ፍሳሽ ታክሞ ወደ ሊክ ሚድ ስለሚመለስ ጥፋቱ ይቀንሳል፤ በሌላ ከተማ ግን ሊታሰብበት ይገባል። የማለስለሻው ጨዋማ ፍሳሽም እንዲሁ። በካሊፎርኒያ የሳንታ ክላሪታ ሸለቆ ነዋሪዎች በ2008 (እ.ኤ.አ.) ድምፅ ሰጥተው በጨው የሚሠሩ ማለስለሻዎችን ከቤቶች እንዲወጡ አድርገዋል፤ ጨው ወንዛቸውን እየጎዳ ስለነበር ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት የከተማችሁን ደንብ ጠይቁ።

እያንዳንዱን በራሱ መለኪያ

አዲሱን ዕቃ ከገጠምን በኋላ ውሃ ውስጥ የሟሟውን ጠቅላላ መጠን የምትለካ ትንሽ መሣሪያ ገዛሁ። ከሻወሩ የወጣውን የለሰለሰ ውሃ ስለካ ቁጥሩ ከጠንካራው ውሃ ብዙም አልተለየም። «ማለስለሻው ተበላሽቷል» ብዬ ልደውል ስል ነገሩ ገባኝ። ማለስለሻ ይለውጣል እንጂ አይቀንስም። ካልሲየሙ ቢወጣም ሶዲየሙ ገብቷል፤ መሣሪያዋ ደግሞ ሁለቱን ለይታ አታውቅም።

ማለስለሻን መፈተኛው ጥንካሬን ብቻ የሚያሳይ ባለ ቀለም ወረቀት ነው፤ ዋጋውም ትንሽ ነው። ሪቨርስ ኦስሞሲስን መፈተኛ ደግሞ ያቺ መሣሪያ ናት፤ ቁጥሩ በጣም ዝቅ ካለ ሽፋኑ ይሠራል፣ ከጊዜ ወደ ጊዜ ከጨመረ መቀየሪያው ደርሷል። ሁለቱም ግን ስለ እርሳስና ስለ ጀርም አይናገሩም። ለዚያ ውሃውን ወደ ላቦራቶሪ መላክ ያስፈልጋል፤ በተለይ በአሜሪካ ከ1986 በፊት በተሠራ ቤት ለሚኖር ሰው፣ ምክንያቱም በመጠጥ ውሃ ቧንቧ ላይ የእርሳስ ብየዳ የታገደው በዚያ ዓመት ነው።

ሌላም ያገኘሁት ስህተት አለ። ማለስለሻውን የገጠመው ሠራተኛ የውሃውን ጥንካሬ 30 ግሬን ብሎ ሞልቶት ነበር። ግሬን በአሜሪካ የጥንካሬ መለኪያ ነው፤ አንዱ ግሬን በሊትር 17.1 ሚሊግራም ነው። የእኛ 280 ሚሊግራም 16 ግሬን ገደማ ይሆናል። አራት ሰው በቀን 75 ጋሎን ቢጠቀም 300 ጋሎን ነው፤ በ16 ሲባዛ በቀን 4,800 ግሬን። የእኛ ማለስለሻ 32,000 ግሬን ይይዛል፤ ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ ገደማ ቢታጠብ ይበቃዋል። በ30 ስለተሞላ ግን በየሦስት ቀን ተኩሉ ይታጠብ ነበር። እጥፍ የሚጠጋ ጨው፣ እጥፍ የሚጠጋ ውሃ በከንቱ ሄዷል። ያ ሁሉ የጨው ከረጢት የተደረደረውም ለዚህ ነበር። ቁጥሩን ወደ 16 ስመልሰው እናቴ አጠገቤ ቆማ ከረጢቱን መታ መታ እያደረገች «አንተ ጨው፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» አለችው።

ጥገናውን ልጄ በፍሪጁ በር ላይ በአማርኛ ጽፋ ለጥፋዋለች። የደለልና የካርቦን ማጣሪያ በየስድስት ወሩ፣ የሪቨርስ ኦስሞሲስ ሽፋን በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ፣ ጨው በየወሩ ማየት። የእናንተ ዕቃ መመሪያ ሌላ ጊዜ ካለ እሱን ተከተሉ። ያልተቀየረ ማጣሪያ ከሌለ ማጣሪያ ሊብስ ይችላል።

ሌላ ሀገር ለምትኖሩ

ሁሉም ቤት ማለስለሻ አያስፈልገውም። በባሕረ ሰላጤው ሀገሮች የከተማ ውሃ በአብዛኛው ጨው የወጣለት የባሕር ውሃ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ለስላሳ ነው። እዚያ የሚያሳስበው ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ነው። ሮቶው በየጊዜው ካልታጠበ ማለስለሻ ምንም አይፈይድም፤ የሚጠቅመው ጽዳትና የደለል ማጣሪያ ነው።

ሎንዶን የምትኖሩ ግን ጠንካራውን ውሃ ታውቁታላችሁ፤ ማንቆርቆሪያችሁ ይመሰክራል። በብሪታንያ ማለስለሻ ሲገጠም ለመጠጥ ያልለሰለሰ ውሃ የሚሰጥ አንድ ቧንቧ እንዲቀር ይመከራል። በጀርመን ጥንካሬ በጀርመን ዲግሪ ይለካል፤ ከ14 ዲግሪ በላይ ያለው ጠንካራ ይባላል። በአውሮፓ ኅብረት የመጠጥ ውሃ ሶዲየም ወሰን በሊትር 200 ሚሊግራም ነው።

በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ላሉ ዘመዶቻችሁ ማሽን ለመላክ የምታስቡ ካላችሁ ደግሞ ይህን አስታውሱ። በዚያ አካባቢ በብዙ ጉድጓዶች የሚያስቸግረው ፍሎራይድ ነው፤ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፣ ሲበዛም አጥንት ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ፍሎራይድን ማለስለሻ አያወጣውም፤ ተራ የካርቦን ማጣሪያም ማፍላትም አያወጡትም። ከሚያወጡት መካከል ሪቨርስ ኦስሞሲስና ከተቃጠለ አጥንት የሚሠራ ከሰል ይገኛሉ። ያለ ምርመራ የተላከ ማሽን ገንዘብ ያወጣል እንጂ ችግሩን አይነካም።

ሦስት ብርጭቆ

እናቴ ልትመለስ ሳምንት ሲቀራት ልጄ አንድ ጨዋታ አዘጋጀች። ሦስት ብርጭቆ ውሃ ቀዳች፤ አንዱን ከግቢው ቧንቧ፣ አንዱን ከመታጠቢያ ቤት፣ አንዱን ከአዲሱ ትንሽ ቧንቧ። «እማማ፣ ቅመሽና የትኛው ከየት እንደሆነ ንገሪኝ» አለቻት።

እናቴ የመጀመሪያውን ቀመሰችና «ይሄ ድንጋይ ድንጋይ ይላል» አለች። የግቢው ነበር። ሁለተኛውን ቀምሳ «ይሄ ያ ቡናዬን ያበላሸብኝ ልዝብ ውሃ ነው።» ሦስተኛውን ጠጥታ ጨረሰችው። «ይሄ የዝናብ ውሃ ይመስላል» አለች። ሦስቱንም አወቀቻቸው። እኔ በመሣሪያና በወረቀት የደረስኩበትን እሷ በምላሷ ደርሳበት ነበር፤ ከመጀመሪያውም ነግራኝ ነበር፣ አልሰማኋትም እንጂ።

ከዚያ በኋላ ቡናው ተፈላ። አቦሉን ቀምሳ ምንም አላለችም። ቶናውን ስትጠጣ ወደ እኔ ዞር ብላ «አሁን ነቃ» አለችኝ።

አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። እናንተም ወላጆቻችሁ ወረቀት ከመፈረማቸው በፊት አራት ነገር ጠይቁላቸው። ውሃችን ምን ያህል ጠንካራ ነው? ልናስወጣ የምንፈልገው ምንድን ነው፤ ቅርፊት፣ ሽታ፣ እርሳስ ወይስ ሶዲየም? ይህ ዕቃ ያንን እንደሚያስወጣ የትኛው ቁጥር ይመሰክራል? በቤታችን ጨው የተከለከለ ሰው አለን? በአሜሪካ የውሃ ድርጅቶች የጥራት ሪፖርታቸውን በየዓመቱ የማውጣት ግዴታ አለባቸው፤ ለመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያ አለ፣ ከሌለም ደውላችሁ ጠይቋቸው። ለመጨረሻው ጥያቄ መልሱ ያለው ግን ቡና ከምታፈላላችሁ ሰው ዘንድ ነው። እሷን አስቀድማችሁ ጠይቋት።